ኦና ሎቢ ወይስ የሞቀ ጉብኝት? ጉዞን በምናባዊ ዓለም ለማስተዋወቅ የቱን እንምረጥ

አንድ ምናባዊ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ቆሜያለሁ። ፏፏቴው ይንፎለፎላል። ሶፋዎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። ወለሉ መስታወት ይመስላል። ሪሰፕሽኑ ጋ ግን ማንም የለም። ግድግዳው ላይ «ክፍል ለመያዝ እዚህ ይጫኑ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ተጫንኩት። የሚወስደኝ ገጽ ከተዘጋ ቆይቷል። አቫታሬን (በዚያ ዓለም እኔን የሚወክለውን ምስል) ይዤ ፎቅ ወጣሁ፣ ክፍሎቹን አየሁ፣ መዋኛው ዳር ተቀምጬ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ወፍ የለም። አንድ ሰው እንኳን ዝር አላለም።

ያንን ሕንፃ የሠራው ሰው ደክሞበታል። የመዋኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ንጣፎች አንድ በአንድ የተለኩ ናቸው። ገንዘቡን ያወጣው ድርጅትም ቱሪስት ይመጣልኛል ብሎ ነው። ቤቱ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት ሰው ብቻ ነው የቀረው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ኦና ቤት ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። ያ ገንዘብና ያ ልፋት ሌላ ቦታ ቢውል ስንት ሰው ልቡ ወደ ጉዞ በሸፈተ ነበር።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ሆቴል ላላችሁ፣ አስጎብኚ ድርጅት ለምትመሩ፣ ወይም የአንድን መዳረሻ ስም የማስተዋወቅ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ ነው። ምርጫው ብዙ ነው፤ ሻጩም ብዙ ነው። ሁሉም የሚያሳያችሁ ማሳያ ያምራል። እኔ አማራጮቹን የማወዳድረው በሁለት ጥያቄ ነው። የምትፈልጉት እንግዳ ዛሬ እዚያ አለ ወይ? ሲመጣስ ማን ይቀበለዋል? ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቫታሮች የሚኖሩባቸው ዓለማት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዛሬ በሜታቨርስ (ሰዎች በአቫታር የሚገናኙበት ምናባዊ ዓለም) ስም እንደ አዲስ ነገር የሚቀርብልን አብዛኛው ነገር ከብዙ ዓመት በፊት የተሞከረ ነውና።

ሴከንድ ላይፍ የተባለውን ምናባዊ ዓለም ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ በ2003 ከፈተው። የሚሸነፍ ጠላት፣ የሚሰበሰብ ነጥብ የለውም። ሰው አቫታር ፈጥሮ ይገባና ቤት ይሠራል፣ ይነግዳል፣ ይጨፍራል፣ ይጋባል። በ2006 እና በ2007 ኩባንያዎች ሆ ብለው ገቡበት። በዚያ ዓለም የራሱን ምናባዊ ደሴት የፈለገ ድርጅት በዚያ ወቅት መነሻውን 1,675 ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ 295 ዶላር ይከፍል ነበር። ለትልቅ ድርጅት ይህ ምንም ማለት አይደለም። ውዱ ነገር ደሴቱ ላይ የሚሠራው ሕንፃና ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ሰው ነበር።

ከገቡት አንዱ ስታርዉድ የተባለው የሆቴሎች ኩባንያ ነው። አሎፍት የተሰኘ አዲስ የሆቴል ብራንድ ሊከፍት አስቦ፣ እውነተኛው ሕንፃ ሳይቆም በ2006 ምናባዊውን በሴከንድ ላይፍ አቆመው። ሎቢውን፣ ክፍሎቹን፣ መዋኛውን ሁሉ። ጎብኚዎች ዞር ዞር ብለው አስተያየት ሰጡ። ኩባንያው አስተያየቱን ሰብስቦ በ2007 ወጣ፤ ደሴቱንም ለወጣቶች ድርጅት ለገሰ። እውነተኛው የመጀመሪያ አሎፍት በ2008 ተከፈተ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች «ሆቴሉ ከሽፎ ወጣ» ብለው ያወሩታል። እኔ አልስማማም። ያን ጊዜ የሚሸጥ ክፍል ገና አልነበረም። የተፈለገው ሰው በሎቢው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ማየት ነበር፤ ታየ። ከዚያ ቤቱ ሳይዝግ፣ ስሙ ሳይበላሽ ወጡ። መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም ያወቀ ፕሮጀክት በዚህ ዘርፍ ብርቅ ነው።

በ2007 ግንቦት ወር ደግሞ ማልዲቭስ በሴከንድ ላይፍ ኤምባሲ በመክፈት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ስዊድን ተከተለች። የስዊድኑ ሕንፃ በዋሽንግተን ያለውን እውነተኛ ኤምባሲ እንዲመስል ተደርጎ ተሠራ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ካርል ቢልትም በአቫታር ገብተው መረቁት። ቪዛም ፓስፖርትም አይሰጥበትም ነበር። ስለ አገሪቱ መረጃ የሚሰጥበት፣ ኤግዚቢሽን የሚታይበት ቤት ነበር። ይህ ወሬ በመላው ዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጋዜጣውን ያነበበው ሰው ቤቱን ከጎበኘው ሰው በብዙ ይበልጣል። የመጀመሪያ መሆን በራሱ ማስታወቂያ ነበር። ያ ዕድል አልፏል። ዛሬ ሜታቨርስ ገባሁ ብሎ የፊት ገጽ ዜና የሚሆን አገር ያለ አይመስለኝም። «ሚዲያው ይዘግብልናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር መታወቅ አለበት፤ ዕቅድ የሚያበላሽ እሱ ነውና። በሴከንድ ላይፍ አንድ ሙሉ መሬት 256 ሜትር በ256 ሜትር ነው። በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 100 አቫታር ያህል ነው። 100 ሲሞላ ደግሞ እግር ይከብዳል፤ ምስሉ ይንቀራፈፋል። አምስት መቶ ሰው የሚጠራ ኮንሰርት አስባችሁ ከሆነ አይሆንም። መሬቱን ማባዛት አለባችሁ። የዚያ ዓለም ሰዓትም በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ዝግጅት ስትጠሩ ነዋሪው የሚያነበው ያንን ነው። በራሳችሁ ሰዓት ብቻ ጽፋችሁ የምትለጥፉ ከሆነ እንግዳው ወይ ቀድሞ ወይ ዘግይቶ ይመጣል።

ቪአርቻት ሌላው መሰል ነው። በ2017 ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ላይ ከወጣ ወዲህ ሰዉ ራሱ የሠራቸው ዓለማት በብዛት አሉበት። ምናባዊውን ዓለም በዙሪያችን በሚያሳይ የቪአር መነጽርም፣ ያለ መነጽርም ይገባል። አንድ ዓለም ሲሞላ ሌላ ቅጂ ይከፈታል፤ አንዱ ቅጂ የሚይዘው እስከ 80 ሰው ነው። ማኅበረሰቡ ወጣት ነው፣ ቀልድ ይወዳል፣ ማስታወቂያ የሸተተውን ነገር ከሩቁ ይለያል። ሎጎ የተለጠፈበት ግድግዳ ይዛችሁ ብትገቡ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። አንድ የሚያምር የተራራ ጫፍ፣ ጓደኞች ተሰብስበው የሚያወሩበት እሳት ዳር ብትሠሩ ግን ሰዉ ራሱ ያዘወትረዋል።

እነዚህን ዓለማት ለማን እመክራለሁ? ትዕግሥት ላለው። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ምሽት ሰው መድቦ፣ ያ ሰው በአቫታር ገብቶ እንግዳ የሚቀበል፣ የሚያስጎበኝ፣ የሚጫወት ከሆነ። ሰው መመደብ ካልቻላችሁ አትግቡ። በተለይ ሴከንድ ላይፍ ውስጥ ለዓመታት የቆዩ ነዋሪዎች አሉ። ከእነሱ ውስጥ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መጓዝ የማይችሉም አሉ። «ቦታ አይዙም» ብሎ እነሱን መናቅ ነውር ነው። ደግሞም ስለ እናንተ መዳረሻ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው የሚያወሩት እነሱ ናቸው።

ጌሞች

እዚህ ሰው አለ። ሰው ፍለጋ አትንከራተቱም። ሮብሎክስ በ2006 ነው የተከፈተው፤ ዛሬ በየቀኑ በብዙ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ይገባበታል። ማይንክራፍት በ2023 ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ተነግሯል። ፎርትናይትም ከ2023 ጀምሮ ማንም ሰው አንሪል ኤንጂን በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የራሱን ደሴት ሠርቶ እንዲያወጣ ፈቅዷል። ገበያው ሞቅ ያለ ነው።

ጥያቄው ማን ነው የሚጫወተው የሚለው ነው። ሮብሎክስ ላይ ልጆች ብዙ ናቸው። ልጅ ቲኬት አይቆርጥም። የሮብሎክስ ደንብም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማስታወቂያ ማሳየትን ይከለክላል፤ እኔም ተገቢ ነው እላለሁ። ስለዚህ እዚያ የሚሠራው «ይግዙ» የሚል ሳይሆን ቦታውን እንደ ጨዋታ የሚያስወድድ ነገር ነው። ልጁ የሚያመጣው ውጤት እራት ላይ «እዚህ ቦታ እንሂድ» ሲል ነው፤ ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ በራሱ ገንዘብ ሲሄድ። ይህን መጠበቅ የሚችለው የአገር ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ነው። አምስት መኪና ያለው አስጎብኚ ድርጅት ሊጠብቀው አይችልም፤ እስከዚያ ድረስ ደመወዝ መክፈል አለበት።

ማይንክራፍት ላይ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። ጌሙን የሚሠራው ሞጃንግ በ2016 ባወጣው መመሪያ ኩባንያዎች ከጌሙ ጋር ግንኙነት የሌለውን ምርታቸውን ለማስተዋወቅ ዓለም እንዳይሠሩ ገድቦ ነበር። ወቅታዊው ደንብ ምን እንደሚል አይታችሁ ግቡ። ዓለም ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ «አውርዱት» ከመባል ይሻላል።

የዴንማርክን ነገር ሁልጊዜ የማነሳው ለዚህ ነው። በ2014 የዴንማርክ የካርታ መሥሪያ ቤት አገሪቱን በሙሉ አንድ ለአንድ በሆነ መጠን በማይንክራፍት አስቀመጠ። መንገዱ፣ ቤቱ፣ ኮረብታው ሁሉ አለ። ዓላማው በዋናነት ትምህርት ነበር፤ ሰው ግን እንደ ቱሪስት ይዞርበት ጀመር። ዳይናማይት መጠቀም እንዳይቻል አስቀድመው ዘግተውት ነበር። ዳይናማይት የጫነችውን ትንሿን ጋሪ ግን ረሷት። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾች በዚያች ጋሪ ከፊሉን አፈነዱት፣ በፍርስራሹም ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ተከሉበት። የፈረሰው ጥቂት ስለነበር ቶሎ ተጠገነ። ለናንተ ግን ትምህርቱ ይህ ነው፦ ጌም ውስጥ ስትገቡ የሚያፈርስ ሰው ይመጣል። ሊያፈርስ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ከቡድናችሁ ውስጥ ይኑር። ያ ሰው ራሱ ጌመር መሆን አለበት። ቢሮ ውስጥ ያለው ሌላው ሰው ስለ ጋሪዋ አያውቅም።

አንድ ብልህ መንገድ ደግሞ አለ፤ ጌም ሳይሠሩ የጌምን ቋንቋ መዋስ። የኒውዚላንድ ቱሪዝም በ2020 ድንበር ተዘግቶ ሳለ አገሪቱን ልክ እንደ ሰፊ ጌም አድርጎ የሚያቀርብ ቪዲዮ አወጣ። አንዲት ታዋቂ የአውስትራሊያ ጌመር ልክ ጌም እንደምትጫወት ሆና እየተረከች ታስጎበኛለች። የሚታየው ግን እውነተኛው ተራራና እውነተኛው ባሕር ነው። የሚጠገን ሰርቨር የለም፣ የሚፈርስ ሕንፃ የለም። ወጣቱ ግን ገባው። ትንሽ በጀት ላለው ሰው ከጌሞች ሁሉ ይህን መንገድ አስቀድማለሁ፤ ሰው የሚወደው ጌመር ማግኘት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የቦታው ዲጂታል ቅጂ

ስለ 360 ዲግሪ ምስል (ዙሪያውን ሁሉ እያሽከረከሩ የሚያዩት) ብዙ አልልም፤ ነገሩ ግልጽ ነውና። ሆቴል ካላችሁ ይህ ቅንጦት አይደለም። እንግዳው ማወቅ የሚፈልገው መታጠቢያ ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ዊልቸር በበሩ ያልፍ እንደሆነ ነው። ያንን ቁርጡን የሚነግረው ከሁሉም በላይ 360 ዲግሪ ነው። በስልክ ይከፈታል፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ማታ ማታ የሚቆም አስተናጋጅ አያስፈልገውም። የጎግል የመንገድ ምስል አገልግሎት፣ ጎግል ስትሪት ቪው፣ በ2007 ከተጀመረ ወዲህ ሰው እንዲህ ዓይነት ምስል ማሽከርከር ለምዷል። የሚያስተምር አያስፈልግም።

አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አታስውቡት። የደፈረሰውን ኩሬ ሰማያዊ አታድርጉት፣ ጎረቤት ያለውን ግንባታ አትሰርዙት። እንግዳው መጥቶ ያየዋል። ደግሞም የሰው መኖሪያ፣ የጸሎት ቦታ ወይም የመቃብር ሥፍራ ከመቅረጻችሁ በፊት ባለቤቶቹን ጠይቁ። ፈቃድ ያልተገኘበት ምስል በኋላ ጠብ ነው የሚያመጣው።

ካሜራ የሚገዛ ገንዘብ ወይም የሚያግዝ ትልቅ ኩባንያ የለንም ለሚሉ ደግሞ በሰሜን አትላንቲክ ያሉትን የፋሮ ደሴቶች ታሪክ ልንገራቸው። ደሴቶቹ ላይ ከሰው በግ ይበዛል፤ ሰዉ 50 ሺህ ገደማ ነው፣ በጉ ወደ 80 ሺህ ይጠጋል። በ2016 ጎግል ስትሪት ቪው ገና አልደረሰላቸውም ነበር። የቱሪዝም ቢሮው ምን አደረገ? 360 ዲግሪ የሚቀርጽ ካሜራ በጎች ጀርባ ላይ አሰረ። በጎቹ ኮረብታ ለኮረብታ እየዞሩ ቀረጹ። ሥራውንም «የበግ እይታ» አሉት። ዓለም ሳቀ፣ ጎግልም ሰማ፤ መሣሪያ አዋሳቸው። በቀጣዩ ዓመት የደሴቶቹ መንገዶች በስትሪት ቪው ላይ ወጡ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው በበጎቹ አስቂኝነት አይደለም። ሐሳቡ ከቦታው ከራሱ የወጣ ስለሆነ ነው። ሌላ ማንም ሊሰርቀው አይችልም።

ላይቭ ጉብኝት

አሁን ወደምወደው ደረስኩ።

እነዚሁ የፋሮ ሰዎች በ2020 ሚያዝያ ጉዞ ሁሉ ሲቆም አንድ አስጎብኚ የራስ ቁር ላይ ካሜራ ገጥመው ወደ ሜዳ ላኩት። ቤቱ የተቀመጠ ሰው ስልኩ ላይ እንደ ጌም መጫወቻ ያለ ቁልፍ ይወጣለታል። ወደ ግራ ሲጫን አስጎብኚው ወደ ግራ ይዞራል። ሩጥ ሲለው ይሮጣል። ዝለል ሲለው ይዘልላል። እያንዳንዱ ሰው ተራው ደርሶ የሚያዘው ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው። የቀረው ሰው እያየ ይጠብቃል፣ ይጠይቃል።

ይህ ምናባዊ ዓለም ነው ወይ? እኔ ነው እላለሁ። አቫታሩ እውነተኛ ሰው መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ያንን የሎቢ ችግር ደግሞ ከሥሩ ይፈታዋል፦ ያለ ሰው ጨርሶ አይሠራምና ኦና ሊሆን አይችልም።

እኔ ራሴ አንድ ላይቭ ጉብኝት ላይ ተገኝቼ ነበር። ስልክ ብቻ የያዘች አስጎብኚ ነበረች፤ ካሜራዋ ይንቀጠቀጣል። ገደል አፋፍ ላይ ደርሳ ስለ ሸለቆው ትናገራለች። ቻቱ ላይ አንድ ሰው «ያ ድምፅ ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ። ቆመች። ዝም አለች። ስልኩን ወደ ገደሉ ዘቅዝቃ አስጠጋችው። ከታች ነፋስ በድንጋይ ስንጥቅ እያለፈ ያፏጫል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ማንም አልጻፈም። ከዚያ አንዱ «እዚያ ለመድረስ ስንት ቀን ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ሌላው ስለ መንገዱ፣ ሌላው ስለ ማረፊያው ጠየቀ። ያቺ ዝምታ ከየትኛውም ብሮሹር በላይ ሸጠች። ቀድሞ የተቀረጸ ምስል ቢሆን ኖሮ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ይቀር ነበር።

ጣጣው ብዙ ነው፤ አልደብቅም። ኢንተርኔት ይቋረጣል። ዝናብ ይመጣል። ባትሪ ያልቃል። አንድ አስጎብኚ በቀን ስንት ጊዜ ይሮጣል? እንደ 360 ዲግሪ ምስል ተኝታችሁ አይሠራላችሁም። ስለዚህ በየቀኑ አታድርጉት። በወር ሁለት ጊዜ፣ አስቀድሞ በታወቀ ቀን፣ ትክክለኛ ጉዞ ሊይዙ ያሰቡ ሰዎችን ጋብዛችሁ አድርጉት። ድምፁ ከምስሉ ይበልጣል። ምስል ሲደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፅ ሲቆራረጥ ግን ወዲያው ይወጣል።

መነጽር ለብሶ ማየት

ቪአር መነጽርን በሚመለከት ብዙዎች የሚሳሳቱት ቤት ድረስ የሚሄድ ማስታወቂያ አድርገው ስለሚያስቡት ነው። መነጽር ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለውም ጌም ሊጫወትበት የገዛው ነው። መነጽር የሚሠራው እናንተ ይዛችሁት ሰው ወዳለበት ስትሄዱ ነው። የንግድ ትርኢት ላይ፣ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ፣ ገበያ ማዕከል።

በ2014 የሆቴል ኩባንያው ማሪዮት የስልክ ማውሪያ ቤት የሚመስል ሳጥን ሠርቶ በአሜሪካ ከተሞች አዞረ። ሰው ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ መነጽሩን ሲያጠልቅ ራሱን ሃዋይ ባሕር ዳር ያገኘዋል። ከዚያ ለንደን ውስጥ ካለ ረጅም ሕንፃ አናት ላይ ይቆማል። የሚገርመው ምስሉ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ሙቀት ይለቅ ነበር፣ ነፋስ ይነፍስ ነበር፣ የውሃ ጠል ፊት ላይ ይረጭ ነበር። ቆዳ ካመነ ዓይን ይከተላል። በዚያው ዓመት የካናዳዋ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ቱሪዝም ግሬት ቤር የተባለውን ጫካ በመነጽር የሚያሳይ ሥራ ሠርቶ ለጉዞ ሻጮችና ለጋዜጠኞች አሳየ። ተመልካቹ ጥቂት ቢሆንም አንዱ ወኪል ብዙ ደንበኛ ይልካል።

ከሁለትና ሦስት ደቂቃ አታስበልጡት። ካሜራው ራሱ የሚሮጥበትን ምስል ተዉ፤ ሰውነቱ ቆሞ ዓይኑ ሲሮጥ ሰው ያቅለሸልሸዋል። ማቅለሽለሹን ደግሞ ከእናንተ ቦታ ጋር ያያይዘዋል። ሰው ተቀምጦ ይይ፣ ካሜራው ይቁም፣ ዓለሙ በዙሪያው ይንቀሳቀስ።

የሚሸጥ ምናባዊ መሬት

አጭር ነው፦ አትግዙ። ዲሴንትራላንድ የተባለው፣ መሬት የሚሸጥበት ምናባዊ ዓለም በ2020 ሲከፈት ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ቁራሽ መሬት ነበረው፤ አንዱ ቁራሽ 16 ሜትር በ16 ሜትር። በ2021 መጨረሻ ላይ እዚያ ውስጥ ያለ ይዞታ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ባርቤዶስም ኤምባሲ ልትከፍት መስማማቷ ተዘገበ። ከዚያ ዋጋው ወረደ። የእውነት መሬት የሚወደደው አካባቢው ስለሚለይ ነው። በምናባዊ ዓለም ግን ሰው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በአንድ ጠቅታ ይደርሳል። መንገድ ዳር መሆን ምን ይጠቅማል? የመንገድ አላፊ የለም። ክርክሩ ውሃ አያነሳም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሁሉም መድረክ ሊዘጋ ይችላል። ጎግል ላይቭሊ የተባለ የራሱን ምናባዊ ዓለም በ2008 ሐምሌ ከፍቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘጋው። የማይክሮሶፍቱ አልትስፔስቪአር በ2023 መጋቢት ተዘጋ። የሞዚላው ሃብስ በ2024 ግንቦት መጨረሻ ተከተለ። እነዚህ ተራ ድርጅቶች አልነበሩም። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ የሞዴሎቹ፣ የፎቶዎቹና የድምፁ ኦሪጅናል ፋይል በእጃችሁ እንዲገባ አስጽፉ። መድረኩ ሲጠፋ ቤቱ ይጥፋ፤ ዕቃው አብሮ መጥፋት የለበትም።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ይህ ነው። ትንሽ ሆቴል ከሆናችሁ 360 ዲግሪ፤ ሌላ ነገር አያሳስባችሁ። አስጎብኚ ድርጅት ከሆናችሁ 360 ዲግሪውን አጭር አድርጋችሁ ጉልበታችሁን ላይቭ ላይ አውሉት። የአገር ወይም የክልል ቱሪዝም ቢሮ ከሆናችሁና በጀት ካላችሁ ጌም ግቡ፤ ግን ለሦስት ዓመት ሰው መድባችሁ ግቡ፣ ለምረቃ ቀን ብቻ አይሁን። የንግድ ትርኢት የምታዘወትሩ ከሆነ ሁለት መነጽር ይበቃል። አቫታር ወዳለበት ዓለም የሚገባው ቡድኑ ውስጥ ያንን ዓለም አስቀድሞ የሚወድና የሚኖርበት ሰው ያለው ብቻ ነው። ከውጭ የተቀጠረ ሰው ነዋሪ መስሎ መታየት አይችልም፤ በአንድ ምሽት ይታወቅበታል።

ውጤቱንም በሚነካ ነገር ለኩ። «ስንት ሰው ገባ» የሚለው ቁጥር ያምራል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም። ስንት ሰው ጥያቄ ጠየቀ? ስንቱ ኢሜይሉን ሰጠ? ቦታ ከያዙት ውስጥ ስንቱ «እዚያ አይቼው ነው» አለ? ይህን ለማወቅ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ቦታ ሲይዝ «ስለኛ ከየት ሰሙ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አሁንም ልባችሁ ወደ ምናባዊው ሕንፃ ካዘነበለ፣ ለሠሪው ቀብድ ሳትከፍሉ አንድ ሙከራ አድርጉ። ለአንድ ሳምንት፣ ማታ ማታ፣ ሠራተኛችሁ ሊቆም በሚችልበት ሰዓት፣ በነጻ አካውንት ወደዚያ ዓለም ግቡ። ሌሎች የጉዞ ድርጅቶች የሠሯቸውን ቦታዎች ዙሩ። በእያንዳንዱ ቦታ ስንት ሰው እንዳለና አንድም ሰው «እንኳን ደህና መጡ» ያላችሁ እንደሆነ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። በሰባተኛው ቀን ማስታወሻው ላይ ያለው ዜሮ ከሆነ፣ ያንን ገንዘብ ለአስጎብኚያችሁ ነፋስ የማያሸንፈው ጥሩ ማይክ ግዙበት።